ከካቡ የወደቀችውን ድንጋይ በዕለቷ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

በዚህ ጥናት የምንወያይበት ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በየቀኑ የምንሠራው ጥቂት ሥራ ሕይወታችንን እንዴት እንደሚያንጸው፣ በየቀኑ ቸል የምንለው ጥቂት ነገርም እንዴት እንደሚያፈርሰው ነው። ርእሱን የመረጥነው በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው።

በ2018 ዓ.ም. የመስከረም ወር የመጀመሪያው እሑድ በጂንካ በሚገኘው ሰንበት ትምህርት ቤታችን ተሰብስበን፣ እያንዳንዳችን በአዲሱ ዓመት ልንሠራ ያሰብነውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን በአንድ ፖስታ አሸግነው። አንዱ «በየቀኑ አራት ሰዓት አጠናለሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «መጽሐፍ ቅዱስን በሦስት ወር አንብቤ እጨርሳለሁ» አለ። አንዲቱ «ከእንግዲህ ማታ ማታ ስልክ አልነካም»፣ ሌላይቱም «በየሌሊቱ ተነሥቼ እጸልያለሁ» ብለው ነበር። የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ፖስታው በፊታችን ሲከፈት ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፋን። አራት ሰዓት ሊያጠና ያሰበው ወንድማችን የጸናው ለአምስት ቀን ብቻ ነበር። በሦስት ወር መጽሐፍ ቅዱስን ሊጨርስ የተነሣውም ከኦሪት ዘሌዋውያን ሳያልፍ ቀርቷል። እኛም ሳቅን፤ ቆይተን ግን አዘንን።

አንዲት እኅታችን የጻፈችው ከሁሉ ያነሰ ነበር። «ማታ የእራት ዕቃ ካጠብሁ በኋላ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፤ ከሒሳብ ሁለት ጥያቄ እሠራለሁ» ይላል። በመስከረም ወር ቢነበብ ኖሮ ሳንስቅባት አንቀርም ነበር። እርሷ ግን በጥር ወር አራቱን ወንጌላት ፈጽማ የሐዋርያት ሥራን ልትጨርስ ተቃርባ ነበር፤ በደብተሯም ከሁለት መቶ በላይ የሒሳብ ጥያቄዎች ሠርታለች። እንዴት እንደቻለች ብንጠይቃት፣ «እኔ ከእናንተ አልበረታሁም። ብዙ ቀን አምልጦኛል። ነገር ግን ባመለጠኝ ማግስት እንደገና እቀመጣለሁ» አለችን።

ይህ መልሷ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንገድ ላይ ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ አስታወሰን።

1. የኮንሶው አባት

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈርና በወይጦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሄደ ሁሉ የጎረቤቶቻችንን የኮንሶዎችን ተራራ ያውቀዋል። ከወይጦ ቈላ ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዙት ተራራው ከእግሩ እስከ ራሱ ደረጃ በደረጃ በእርከን ተሠርቶ ይታያል። እርከኑን የያዘው ካብ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የተሠራ ነው። በአንዳንድ ቦታ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ካቡ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ይይዛል፤ የዝናቡን ውኃ ለእህሉ ያቆያል፤ የተረፈውንም ያሳልፋል። የኮንሶ ሕዝብ ይህን ሥራ ለ21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ሲወራረሰው ኖሯል። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውም መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል።

በመጋቢት ወር ለወጣቶች ጉባኤ ወደ አርባ ምንጭ ስንጓዝ የአውቶቡሳችን ጎማ በዚያ ዳገት ላይ ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ ወርደን በመንገዱ ዳር ቆምን። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። አንድ ሽማግሌ መቆፈሪያቸውን በትከሻቸው አድርገው ከእርሻ ሲመለሱ ከካቡ የወደቀች አንዲት ድንጋይ አገኙ። መቆፈሪያውን አስቀመጡና ድንጋይዋን አነሡ፤ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋት፤ በክፍተቱ ውስጥ አስገብተው እስክትጠብቅ ድረስ መታ መታ አደረጓት። ከመካከላችን አንዱ፣ «አባታችን፣ ደክሞዎታል እኮ፤ ለአንዲት ድንጋይ ምን አስቸኰለዎት? ነገ አይደርስም ወይ?» አላቸው። ቋንቋቸውን የሚያውቅ አንድ ተሳፋሪ አስተረጐመልን። እርሳቸውም፣ «ዛሬ አንዲት ናት፤ ብቻዬን አነሣታለሁ። ማታ ቢዘንብ ውኃው በእርሷ ቀዳዳ ይገባል፤ ነገ ሃያ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጎረቤት መጥራት ሊኖርብኝ ነው» ብለውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ተራ ጨዋታ ሰምተን አለፍነው። አሁን ግን ስናስበው ያ ሁሉ ተራራ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ዓይነት ሥራ እንደሆነ እንረዳለን። የመጀመሪያዎቹ አባቶች መካባቸው ብቻ አልበቃም፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የወደቀችውን እያነሣ ባይመልስ ኖሮ ካቡ ዛሬ የድንጋይ ክምር ሆኖ በቀረ ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

2. ከቅዱሳት መጻሕፍት የምንማረው

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው፣ እስራኤል በምድረ በዳ መናውን የሚሰበስቡት ለዕለቱ የሚበቃቸውን ያህል ነበር። ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላ፤ ሸተተም። ከዚህ የምንማረው የትናንት ብርታት ለዛሬ እንደማያገለግል ነው። በአንድ እሑድ አምስት ሰዓት ጸልየን ሳምንቱን ሁሉ ብንተወው፣ መናውን ባንድ ቀን ሰብስቦ ሊያከማች እንደፈለገው ሰው እንሆናለን።

ነቢዩ ዳንኤልንም እንመልከት። ንጉሡ የጸሎትን ነገር የሚከለክል አዋጅ ባወጣ ጊዜ ዳንኤል አዲስ ነገር አልጀመረም። በምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ቀድሞ ያደርገው እንደነበረው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ። በአንበሶች ጕድጓድ ፊት ያጸናው እምነት ማንም በማያየው ጊዜ በየዕለቱ ሲለማመደው የኖረው ነበር። ፈተና በመጣ ዕለት ልማድ ልትከል ማለት ጎርፍ በመጣ ዕለት ካብ ልካብ እንደ ማለት ነው።

ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ እያንዳንዱ በቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል እንዲጠግን አደረገ። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 በጥቂት ነገር የታመነ በብዙም የታመነ መሆኑን አስተምሮናል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሥርዓት ከጥንት ታውቀዋለች። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለየው፣ 150ው መዝሙረ ዳዊትም በየዐሥሩ «አንድ ንጉሥ» እየተባለ በ15 የተከፈለው ለዚህ ይረዳል። የኔታም ተማሪውን ዳዊት ሁሉ ዛሬ ይያዝልኝ አይሉትም። የዛሬውን ሰጥተው፣ የትናንቱን ሰምተው ያሰናብቱታል።

3. የጥቂት ነገር ሒሳብ

ጥቂት ሥራ የሚናቀው ሒሳቡ ስለማይሠራ ነው። እስቲ ከመስከረም 1 ቀን ጀምረን እንቁጠር።

አራቱ ወንጌላት በአንድነት 89 ምዕራፍ ናቸው። በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ ኅዳር 29 ቀን ይፈጽማቸዋል። ሐዲስ ኪዳን በሙሉ 260 ምዕራፍ ስለሆነ በዚሁ አካሄድ ግንቦት 20 ቀን ያልቃል። በቀን አምስት መዝሙር የሚጸልይ ሰው በአንድ ወር ዳዊትን ይደግማል።

በደቡብ ኦሞ ብዙ ቋንቋ ይነገራል፤ ከወንድሞቻችን መካከል አማርኛን ቤታቸው ያልሰሙት ብዙዎች ናቸው። ፊደሉን ሲያዩት ይፈሩታል፤ 33 ጊዜ 7፣ 231 ነውና። በቀን አንድ ረድፍ፣ ይኸውም ሰባት ፊደል ብቻ የሚያጠና ግን ጥቅምት 3 ቀን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይደርሳል።

በቀን ዐሥር ደቂቃ የሚያነብ ሰው በዓመት ከ60 ሰዓት በላይ አንብቧል። በቀን 5 ብር የሚያስቀምጥ በዓመቱ 1,825 ብር ይኖረዋል፤ ብዙ ነው አንልም፤ ነገር ግን ለደብተርና ለእስክሪብቶ እጁን ወደ ሰው ከመዘርጋት ያድነዋል።

በዙሪያችን ያሉት የአሪ እናቶች ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ያውቁታል። ጠዋት ቤትና በረት ሲጠርጉ ያወጡትን ፍግና አመድ ወደ ጓሯቸው ወስደው በእንሰቱ ሥር ያደርጉታል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። በአንድ ቀን ብዙ ፍግ ቢጫንበት ቶሎ አይደርስም፤ ጠዋት ጠዋት በምትጨመርለት ጥቂት ነገር ግን ይወፍራል። ከዓመታት በኋላ ቆጮው በገበታ ላይ ሲቀርብ የበላው ሰው እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች አያያቸውም።

የሯጩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴም ታሪክ ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው። በአርሲ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር፣ ማታም ያንኑ ያህል ይሮጥ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ፣ ግራ ክንዱ መጽሐፍ እንደያዘ ሰው እጥፍ ብሎ ነበር። በየዕለቱ የሚደረግ ነገር በሰው አካል ላይ እንኳ ምልክቱን ይተዋል።

4. ስለ ተማሪዎቻችን

ይህን ስንጽፍ በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን እያሰብን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በአገራችን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከእያንዳንዱ ቍጥር በስተጀርባ ያዘነ ልጅ፣ ያለቀሰች እናት አለች፤ በእኛም መካከል አሉ።

ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ ልናደርግ አንወድም። መጽሐፍ ያልደረሰው አለ፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ አለ፤ ከብት ጠብቆ፣ ውኃ ቀድቶ፣ በገበያ ቀን ሸጦ የሚማር አለ። በየቀኑ ሁለት ጥያቄ መሥራት ይህን ሁሉ ችግር አያስወግድም። ነገር ግን በእጃችን ያለው የትኛው ነው ብለን ብንጠይቅ፣ በሰኔ ወር ከፈተናው በፊት የሚደረገው የአንድ ሳምንት ዕንቅልፍ የለሽ ጥናት ሳይሆን፣ ከመስከረም ጀምሮ የምትሠራው ትንሿ ሥራ ናት። በዐሥር ወር ውስጥ በቀን ሁለት ጥያቄ 600 ጥያቄ ይሆናል። ያቺ እኅታችን አሁን የሒሳብ መጽሐፍ ስትከፍት እንደ ቀድሞው አትፈራም። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

5. ጥቂቱ ሥራ ሲተው

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችና አባቶች ፊደል ቆጥረዋል። ትምህርቱም ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ከተማሩት መካከል ትንሽ ትንሽ ማንበብ ያላቋረጡት እስከ ዛሬ ያነብባሉ። መጽሐፍ ያጡት ወይም የተዉት ግን ቀስ በቀስ ረሱት። ዕውቀትም ካብ ነው፤ ካልጠገኑት ይናዳል።

ሌላው ምሳሌ ቅርባችን ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በከተማችን በጂንካ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን። መጨባበጥ ተውን፤ በየደጃፉ ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ፤ ሕፃን ሳይቀር እጁን ይታጠብ ነበር። ጭንቀቱ ሲረግብ ግን ባልዲው ደረቀ፤ ሳሙናውም ወደ ጓዳ ገባ። ከፍርሃት የመጣ ልማድ ከፍርሃቱ ጋር እንደሚሄድ ያን ጊዜ ተማርን።

እጅንና ፊትን መታጠብ ግን ለአንድ ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ ሰው ከሚያሳውሩት በሽታዎች አንዱ ትራኮማ ነው። በሽታው በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዐይን ሽፋኑን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። መከላከያው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብም አንዱ ነው። ለዚህም አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል። በልጅነት ያልታጠበ ፊት ዋጋው የሚጠየቀው በእርጅና ነው።

በተቃራኒው ክፉ ነገርም ጥቂት በጥቂት ይገባል። ጫት ለጨዋታ፣ አረቄ ለብርድ፣ ስልክ ለአንድ አፍታ እየተባለ ይጀመራል። ልማድ ለበጎም ለክፉም ያው አንድ መንገድ ነው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለሁለቱም ይሠራል።

6. ልማድን ለመትከል የሚረዱን ነገሮች

ከራሳችን ስሕተትና ከእኅታችን ምሳሌ የሚከተሉትን አገኘን።

ሀ) ትንሽ አድርጎ መጀመር። ሥራው በደከመን፣ ባዘንን፣ መብራት በጠፋ ቀን እንኳ የሚቻለን መሆን አለበት። በደኅና ቀን ብንጨምር ማንም አይከለክለንም፤ የምንታሰርበት ግን ትንሹ ይሁን።

ለ) ከነባር ሥራ ጋር ማያያዝ። እኅታችን «ማታ አነባለሁ» አላለችም፤ «የእራት ዕቃ ካጠብሁ በኋላ» አለች። ዕቃ መታጠቡ ስለማይቀር ንባቡም አልቀረም። ፊት መታጠብን ከጠዋት ጸሎት በፊት፣ አንድ ረድፍ ፊደልን ከብት ካሰማሩ በኋላ፣ ገንዘብ ማስቀመጥን ከገበያ እንደተመለሱ ማድረግ ይቻላል።

ሐ) ዕቃውን በቦታው ማኖር። መጽሐፉ ከሣጥን ሥር ከሆነ እጃችን ወደ ስልክ ይሄዳል። ውኃ የያዘ ጀሪካን ከነሳሙናው በደጃፍ ከተንጠለጠለ ግን የሚያልፍ ሁሉ ይታጠባል።

መ) በደብተር ምልክት ማድረግ። በየማታው አንዲት ጭረት መጫር ይበቃል። ጭረቱ ለሰው የሚታይ አይደለም፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጾምና ጸሎት በስውር እንዲሆን አስተምሯልና። ለእኛ ለራሳችን ግን እውነቱን ይነግረናል።

ሠ) ባልንጀራ መያዝ። ሁለት ሁለት ሆነን በሳምንት አንድ ጊዜ «እንዴት ሆንህ? እንዴት ሆንሽ?» እንባባል። መጠያየቁ ለመገሠጽ ሳይሆን ለመደገፍ ይሁን።

7. በወደቅን ጊዜ

የጥናታችን ዋና ነገር ይህ ነው። ፖስታው በተከፈተ ዕለት የወደቁትን ስንጠይቃቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ ነገሩን። አራት ሰዓት ሊያጠና ያሰበው ወንድማችን በስድስተኛው ቀን እናቱ ታመው ሳያጠና አደረ። በሰባተኛው ቀን «አንዴ ተበላሽቷል፤ ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ» አለ። ሰኞ ሲመጣ «የጥቅምት ወር ይግባ» አለ። ጥቅምት ሲገባ ረሳው። የመጀመሪያው ቀን መቅረቱ በደል አልነበረም፤ እናቱን ማስታመሙ እንዲያውም መልካም ነበር። ሥራው የፈረሰው በሁለተኛው ቀን ነው። አንዲት ድንጋይ ወደቀች፤ በእርሷም ቀዳዳ ጎርፉ ገባ።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ሥራ መርጠው፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ ውኃ መጠጣትን የመሰለ፣ በየቀኑ ለ12 ሳምንት ያህል ሞከሩ። ሥራው ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ ለመሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ፣ አንዳንዱ እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገምቷል። ስለዚህ ጓደኛችን በአንድ ወር የለመደውን እኛ በአምስት ወር ብንለምደው ልናፍር አይገባንም። አንድ ቀን ማምለጡም ልማዱ እንዳይተከል እንቅፋት እንዳልሆነ አጥኚዎቹ ጽፈዋል።

66 ቀን ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ቢቆጠር ኅዳር 6 ቀን ላይ ይደርሳል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ግን ገና የመስቀል ደመራ ሳይለኮስ ትተው ነበር። ዘሩ ሳይበቅል ማሳውን ትተን ሄድን ማለት ነው።

መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 24 ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ እንደሚነሣ ይናገራል። ጻድቅ ያሰኘው አለመውደቁ ሳይሆን መነሣቱ ነው። ንስሐም ለእኛ ይኸው አይደለምን? «ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁሉን አስተካክዬ እመጣለሁ» ከሚል ሰው ይልቅ ዛሬ በድሎ ዛሬ የሚመለስ ወደ ቤቱ ቅርብ ነው። የምንጥረውም በራሳችን ኃይል ብቻ ታምነን አይደለም። እንሰቱን የምታሳድገው ፍግ የጨመረችው እናት አይደለችም፤ የሚያሳድግ እግዚአብሔር ነው። እርሷ ግን የጠዋት ድርሻዋን አላስቀረችም።

መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት በኋላ ፖስታውን እንደገና አሽገነዋል። በዚህ ጊዜ ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው አጭር ነው። አራት ሰዓት ሊያጠና ያሰበው ወንድማችን «ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ፤ ካመለጠኝ በማግስቱ» ብሎ ጽፏል። ሌሊት ልትነሣ ያሰበችውም «ከመተኛቴ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም» ብላለች። የደረቀውም ባልዲ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ደጃፍ ተመልሷል፤ የሚሞላውም ተረኛ በየሳምንቱ ይመደባል።

እናንተም ይህን የምታነቡ እኅቶችና ወንድሞች፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በሕይወታችሁ ካብ ላይ የወደቀች አንዲት ድንጋይ ፈልጉ። ሃያዎቹን አትፈልጉ፤ አንዲቱን ብቻ። የቀረ ጸሎት፣ ያልተከፈተ መጽሐፍ፣ የተኮረፈ ወንድም፣ ያልታጠበ የሕፃን ፊት ሊሆን ይችላል። ሰኞን ሳትጠብቁ እርሷን ወደ ቦታዋ መልሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዳንኤል ከአዋጁ በፊት የነበረው ልማድ በአዋጁ ጊዜ የጠቀመው እንዴት ነው? (ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6)

2. መናው ሲያድር መበላሸቱ ስለ ዕለታዊ ጸሎትና ጥናት ምን ያስተምረናል? (ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16)

3. ጀምረህ የተውኸው፣ ጀምረሽ የተውሽው መልካም ነገር ምንድን ነው? የፈረሰው በመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ በሁለተኛው?

4. ከየቀኑ ሥራችሁ ፈጽሞ የማይቀረው የትኛው ነው? ምን ጥቂት ነገር ልታያይዙበት ትችላላችሁ?

5. በቤታችሁና በሰፈራችሁ ሕፃናት ፊታቸውን በየቀኑ እንዲታጠቡ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።